ሙሉ ጨረቃና የሰው ልጅ ጠባይ



የማቴዎስን ወንጌል ምዕራፍ 17 በየቁምስናው ስናስተምር አንድ ጥያቄ ተደጋግሞ ይነሣል። በዚያ ምዕራፍ አንድ አባት በጌታችን ፊት ተንበርክኮ ስለታመመው ልጁ ምሕረትን ይለምናል። ልጁ ሕመሙ ሲይዘው የሚወድቅበትን ስፍራ አይመርጥም፤ አንዳንዴ ከእሳት፣ አንዳንዴም ከውኃ ይገባል። በሰፊው የምንገለገልበት የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ይህን ሕመም በጨረቃ የሚነሣ አድርጎ ያቀርበዋል። ታዲያ ሰሚው ሕዝብ «ጨረቃ በእርግጥ ሰውን ታሳምማለችን? ስትሞላስ ጠባይንና ስሜትን ትለውጣለችን?» ብሎ ቢጠይቅ ተገቢ ነው።

ጥያቄው ቀላል ቢመስልም በመልሱ ላይ የተመሠረቱ ሁለት ከባድ ጉዳዮች አሉ። አንደኛው የሰው ልጅ ለሚሠራው ሥራ ተጠያቂ መሆን አለመሆኑ ነው። ሁለተኛው የታመመ ሰው ወደ ሐኪም መወሰድ አለመወሰዱ ነው። ስለዚህ በዚህ ትምህርት በመጀመሪያ የቃሉን አመጣጥ፣ ቀጥሎ የቀደሙትን ሊቃውንት አስተያየት፣ ከዚያም የዘመናችንን ምርምር በቅደም ተከተል እንመለከታለን። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

የቃሉ አመጣጥ

አዲስ ኪዳን በተጻፈበት በግሪክ ቋንቋ ጨረቃ «ሴሌኔ» ትባላለች። ማቴዎስ በምዕራፍ 4 ቍጥር 24 እና በምዕራፍ 17 ቍጥር 15 የተጠቀመበት ግሥ ከዚሁ ስም የወጣ ሲሆን፣ በቀጥታ ሲፈታ በጨረቃ መመታት እንደ ማለት ነው። የላቲኑ ትርጉምም «ሉና» ከሚለው የጨረቃ ስም የወጣውን «ሉናቲኩስ» የሚለውን ቃል ተጠቀመ። እንግሊዝኛው «ሉናቲክ» የሚለውን ቃል የወረሰው ከዚህ ነው። በእንግሊዝና በአሜሪካ ሕግ የአእምሮ ሕመምተኛ ለብዙ ዘመን በዚህ ስም ሲጠራ ኖሯል፤ አሜሪካ ቃሉን ከፌዴራል ሕጎቿ እንዲወጣ የወሰነችው ገና በ2012 ነው።

እዚህ ላይ ሁለት ነገሮችን ማስተዋል ይገባል። አንደኛ፣ ይህንኑ ታሪክ የጻፉት ማርቆስና ሉቃስ ጨረቃን ከቶ አያነሡም። ማርቆስ በምዕራፍ 9 የአረፋውን መድፈቅ፣ የጥርሱን መፋጨት፣ የሰውነቱን መድረቅ ይዘረዝራል፤ ሕመሙም ከሕፃንነቱ ጀምሮ እንደ ነበረ ይገልጻል። እነዚህ ምልክቶች ዛሬ የሚጥል በሽታ የምንለውን ሕመም ለሚያውቅ ሰው እንግዳ አይደሉም። ሁለተኛ፣ የማቴዎስ ቃል በዘመኑ ሕዝብ አፍ የተለመደ የበሽታ መጠሪያ ነበር። እኛም ዛሬ «ኢንፍሉዌንዛ ያዘኝ» እንላለን። ቃሉ በጣልያንኛ «ተጽዕኖ» ማለት ሲሆን፣ የጥንት ሰዎች በሽታው ከከዋክብት ተጽዕኖ ይመጣል ብለው ስለ ገመቱ የወጣ ስም ነው። ኢንፍሉዌንዛ ያዘኝ የሚል ሰው ግን ከዋክብት አሳመሙኝ ብሎ መመስከሩ አይደለም። እንደዚሁም ወንጌላዊው በሕዝቡ ቃል መጠቀሙ ስለ ጨረቃ ኃይል ትምህርት መስጠቱ አይደለም።

የቀደሙት ሊቃውንት

ከክርስቶስ ልደት በፊት በ400 ዓመት ገደማ የተጻፈና በሂፖክራጥስ ስም የተላለፈ አንድ የሕክምና መጽሐፍ፣ የሚጥል በሽታ ከሌሎች በሽታዎች የተለየ መለኮታዊ ምክንያት እንደሌለውና ምንጩም አንጎል እንደ ሆነ አስተምሯል። ይሁን እንጂ ሌላው አስተሳሰብ ይበልጥ ተስፋፋ። አሪስጣጣሊስ አንጎል ከሰውነት ክፍሎች ሁሉ የበለጠ ርጥበት አለው ማለቱን መነሻ በማድረግ፣ ባሕርን የምታንቀሳቅስ ጨረቃ ርጡቡን አንጎልም ታንቀሳቅሳለች የሚለው አስተያየት ለብዙ መቶ ዓመታት ሲነገር ቈየ።

ቅዱስ ሄሮኒሞስና ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅ ግን ይህን የወንጌል ክፍል ሲተረጕሙ ጨረቃን ከክስ ነጻ ያወጧታል። በእነርሱ አስተያየት ርኩስ መንፈስ የጨረቃን ጊዜ እየጠበቀ ሰውን የሚያሠቃየው፣ ሰዎች ፍጥረትን እንዲወቅሱ፣ በፍጥረትም በኩል ፈጣሪን እንዲነቅፉ ለማድረግ ነው። ጨረቃ በራሷ በደል የለባትም ማለታቸው ነው።

በ13ኛው መቶ ዓመት ቅዱስ ቶማስ ዘአኵይኖ ነገሩን በጥልቀት መረመረው። በታላቁ የነገረ መለኮት መጽሐፉ የመጀመሪያ ክፍል፣ ጥያቄ 115፣ የሰማይ አካላት በሥጋ ላይ፣ በሥጋም በኩል በስሜት ላይ ተጽዕኖ ሊኖራቸው እንደሚችል ተቀበለ፤ በዘመኑ የታመነውን የአንጎል ርጥበት አስተያየትም ጠቀሰ። ሆኖም አእምሮና ፈቃድ ሥጋዊ ስላልሆኑ የሰማይ አካል ሊያስገድዳቸው እንደማይችል አስረዳ። ሰው ስሜቱን ሊከተል ይችላል፤ ሊገታውም ይችላል። የቅዱሱ የተፈጥሮ ዕውቀት በዘመኑ የተወሰነ ቢሆንም ይህ አከፋፈሉ ዛሬም ይጠቅመናል። ጨረቃ በሥጋችን ላይ ምን ታደርጋለች የሚለው በምርመራ የሚፈታ ጥያቄ ነው። ጨረቃ አስገደደችኝ ማለት ግን ከዚህ የተለየ ነገር ነው።

ጨረቃ በምን ኃይል?

ጨረቃ ከምድር በአማካይ 384,400 ኪሎ ሜትር ትርቃለች። ከአንዱ ሙሉ ጨረቃ እስከ ሌላው በአማካይ 29 ቀን ከ12 ሰዓት ከ44 ደቂቃ ይፈጃል። ከእርሷ ወደ እኛ የሚደርሱት ዋና ነገሮች ሁለት ናቸው፤ ስበቷና ብርሃኗ።

ስለ ስበቷ ብዙ ጊዜ የሚሰማው ክርክር «ሰውነታችን በአብዛኛው ውኃ ነውና ባሕርን የምትስብ ጨረቃ እኛንም ትስባለች» የሚል ነው። አርኖልድ ሊበር የተባሉ የማያሚ ከተማ የአእምሮ ሐኪም በ1978 ባሳተሙት መጽሐፍ ይህን አስተያየት አስፋፍተውታል። ክርክሩ ግን ሁለት ነገሮችን ይዘነጋል። የባሕር ውኃ የሚሞላውና የሚጐድለው ጨረቃ ወደ እርሷ ቅርብ የሆነውን የምድር ወገን ከሩቁ ወገን አብልጣ ስለምትስብ ነው። በሁለቱ ወገኖች መካከል ከ12,000 ኪሎ ሜትር የሚበልጥ ርቀት አለ። ከራስ ጠጕር እስከ እግር ጥፍር ባለው በሰው ቁመት ላይ ግን ይህ ልዩነት ከምንም አይቈጠርም። ጣናን የሚያህል ሐይቅ እንኳ በጨረቃ ምክንያት በዓይን የሚታይ ሙላትና ጕድለት የለውም፤ በራስ ቅል ውስጥ ያለ ጥቂት ርጥበትማ እንዴት ይናወጣል? ሁለተኛም፣ የባሕር ሙላት የሚበረታው ጨረቃ ስትሞላ ብቻ ሳይሆን፣ አዲስ ጨረቃ ስትወለድና ሌሊቱ ጨለማ ሲሆንም ጭምር ነው። ምክንያቱ ስበት ቢሆን ኖሮ ሰው በጨለማው ሌሊትም እኩል በታወከ ነበር። እንዲህ ያለ ነገር ግን በሕዝብ ዘንድ ብዙም ሲነገር አይሰማም።

ብርሃኗን በተመለከተ ነገሩ ይለያል። ፀሐይ ከሙሉ ጨረቃ 400,000 ጊዜ ያህል ትደምቃለች። ቢሆንም መብራት በሌለበት መንደር ያ ጥቂት ብርሃን ብዙ ነገር ይለውጣል። ልጆች በደጅ ይጫወታሉ፤ መንገደኛ ይጓዛል፤ ጎረቤት ከጎረቤት ሲያወጋ ያመሻል። በ18ኛው መቶ ዓመት በእንግሊዝ ሀገር በበርሚንግሃም የነበረ የሊቃውንት ጉባኤ «የጨረቃ ማኅበር» የተባለው፣ አባላቱ ማታ ወደ ቤታቸው ሲመለሱ መንገዱ እንዲበራላቸው በሙሉ ጨረቃ ሰሞን ይሰበሰቡ ስለ ነበር ነው። በታንዛንያ ከ1988 እስከ 2009 አንበሶች በሰው ላይ ያደረሱትን ጥቃት የመረመሩ ተመራማሪዎችም፣ ጥቃቱ የሚበዛው ከሙሉ ጨረቃ በኋላ ባሉት ቀናት፣ ምሽቱ ጨለማ በሚሆንበት ጊዜ መሆኑን በ2011 አስታውቀዋል። እዚያም የሠራው የብርሃንና የጨለማ መፈራረቅ እንጂ ስውር ኃይል አይደለም።

ቍጥሮቹ ምን ይላሉ?

ነገሩን በአንድ ሰው ትዝታ ሳይሆን በብዙ ሰዎች መዝገብ መመርመር ያስፈልጋል። ጄምስ ሮተንና አይቫን ኬሊ የተባሉ ተመራማሪዎች በ1985 ባሳተሙት ጽሑፍ፣ ስለ ሙሉ ጨረቃና ስለ ሰው ጠባይ የተደረጉ 37 ጥናቶችን በአንድነት መረመሩ። ወንጀል፣ ራስን ማጥፋት፣ ወደ አእምሮ ሕክምና ቤት መግባት፣ እነዚህን የመሳሰሉ ድርጊቶች ከቀን ቀን ከሚያሳዩት ልዩነት የጨረቃ ድርሻ ከመቶኛው እጅ አንድ መቶኛ እንኳ እንደማይበልጥ አገኙ። ይህም ማለት ከ10,000 እጅ አንዱ ነው። በ1996 የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ በአንድ የአሜሪካ ሆስፒታል ድንገተኛ ሕክምና ክፍል በአራት ዓመት ውስጥ የታከሙ 150,999 ሰዎችን መዝገብ አየ፤ በሙሉ ጨረቃ ቀናት የመጡት ሕመምተኞች ቍጥር ከሌላው ቀን አልበለጠም።

አልፎ አልፎ ተቃራኒ ውጤት ይገኛል። ለምሳሌ አንድ የብሪታንያ የሕክምና መጽሔት በታኅሣሥ 2000 እትሙ ሁለት ጥናቶችን ጎን ለጎን አወጣ። ከእንግሊዝ የመጣው እንስሳት በሙሉ ጨረቃ ሰሞን ሰውን አብዝተው እንደሚነክሱ ሲናገር፣ ስለ ውሾች ንክሻ ከአውስትራልያ የመጣው እንዲህ ያለ ነገር የለም አለ። እንዲህ ያለ ልዩነት ሲያጋጥም አንዱን ጥናት ብቻ ይዞ መሮጥ አይገባም። ስለ መኪና አደጋ የተደረገ አንድ ጥናትም በመጀመሪያ ጨረቃን ከስሶ ነበር፤ በኋላ ሲመረመር ግን በጥናቱ ዘመን ከሙሉ ጨረቃዎቹ ብዙዎቹ ቅዳሜና እሑድ ላይ የዋሉ ሆነው ተገኙ። አደጋውን ያበዛው የሳምንቱ መጨረሻ እንጂ ጨረቃዋ አልነበረችም።

እንቅልፍና ስሜት

እንግዲህ ጨረቃ ምንም አታደርግም ማለት ነውን? እንዲህ ብሎ መደምደምም ከእውነት መራቅ ነው። በ2013 በስዊዘርላንድ በባዝል ከተማ የተደረገ ምርምር በቤተ ሙከራ የተኙ 33 ሰዎችን መዝገብ አይቶ፣ በሙሉ ጨረቃ ሰሞን በአማካይ 20 ደቂቃ ያነሰ እንደ ተኙና ለመተኛትም 5 ደቂቃ ያህል እንደ ዘገዩ ገለጸ። በማግሥቱ ዓመት ሌሎች ተመራማሪዎች በበለጠ ብዛት ባላቸው ሰዎች ላይ ቢሞክሩት ይህን አላገኙም። በ2021 ደግሞ በአርጀንቲና የቶባ ሕዝብ መንደሮችና በአሜሪካ በሲያትል ከተማ ተማሪዎች መካከል የተደረገ ጥናት፣ ሰዎች ዘግይተው የሚተኙትና አሳጥረው የሚያንቀላፉት ከሙሉ ጨረቃ በፊት ባሉት ጥቂት ቀናት እንደ ሆነ አመለከተ። በእነዚያ ቀናት ጨረቃዋ ከምሽት ጀምሮ ደምቃ ትታያለች።

ከዚህ ጋር የሚያያዝ አንድ ጠቃሚ አሳብ በ1999 ቀርቧል። የአሜሪካ ሐኪሞች እንደ ገመቱት፣ የኤሌክትሪክ መብራት ባልነበረበት ዘመን የሙሉ ጨረቃ ብርሃን እንቅልፍ ያሳጣ ነበር። እንቅልፍ ማጣት ደግሞ የሚጥል በሽታን እንደሚቀሰቅስና የአንዳንድ የአእምሮ ሕመምተኞችን ሁኔታ እንደሚያባብስ የታወቀ ነው። እንግዲያውስ የጥንቱ እምነት መነሻው እውነተኛ ትዝብት፣ ማብራሪያው ግን የተሳሳተ ሊሆን ይችላል። በ2018 የታተመ ጥናትም ስሜታቸው ከከፍተኛ ግለት ወደ ጥልቅ ሐዘን በፍጥነት የሚገለባበጥ 17 ሕመምተኞች፣ የስሜታቸው ዑደት ከጨረቃ ዑደት ጋር ሲገጣጠም መታየቱን ዘግቧል። ሕመምተኞቹ ጥቂትና የተለዩ ስለ ሆኑ ከእነርሱ ተነሥቶ ስለ ሰው ሁሉ መናገር አይቻልም፤ ሆኖም በጥንቃቄ ሊመረመር የሚገባው ነገር ነው።

በአጭሩ ጨረቃ የጥቂት ደቂቃ እንቅልፍ ልትወስድብን ትችል ይሆናል። ሰውን ወንጀለኛ፣ ጠበኛ ወይም እብድ እንደምታደርግ ግን የተገኘ ማስረጃ የለም።

እምነቱ ለምን አልጠፋም?

በ2007 በእንግሊዝ ሀገር በብራይተን ከተማ ፖሊስ በሙሉ ጨረቃ ሌሊቶች ተጨማሪ ሰዎችን ለማሰማራት ማሰቡ ተነግሮ ነበር። የተማረ ሰው ሳይቀር እንዲህ የሚያምነው ማስታወስ ስለሚያዳላ ነው። በሙሉ ጨረቃ ሌሊት ጠብ ሲነሣ ሰው ቀና ብሎ ሰማዩን ያያል፣ ያስታውሰዋልም። በሌላው ሌሊት ጠብ ሲነሣ ግን ወደ ሰማይ የሚመለከት የለም። ሙሉ ጨረቃ ሆና ጸጥ ያለ ሌሊት ያለፈ እንደሆነም ማንም ልብ አይለውም። ከዚህም በላይ፣ የሙሉ ጨረቃን ዋዜማና ማግሥት ጨምረን ብንቈጥር ሦስት ቀን ይሆናል፤ ይህም ከወሩ አንድ አሥረኛ ነው። ስለዚህ ከአሥር ጠቦች አንዱ በአጋጣሚ ብቻ በሙሉ ጨረቃ ሰሞን ይውላል። ምሳሌ የሚፈልግ ሰው ሁልጊዜ ምሳሌ አያጣም።

ስሕተቱ የሚያስከትለው ጕዳት

የመጀመሪያው ጕዳት በሕመምተኞች ላይ ይደርሳል። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በቡታጅራ አካባቢ አጥንተው በ1990 ባሳተሙት ጽሑፍ፣ ከ1,000 ሰዎች 5 ያህሉ የሚጥል በሽታ እንዳለባቸውና ዘመናዊ መድኃኒት የሚያገኙት እጅግ ጥቂቶች እንደ ነበሩ አሳይተዋል። በሽታው ይጋባል ብለው የሚፈሩ ሰዎች በወደቀበት ሊነኩት ስለሚሸሹ፣ ከምድጃ ላይ ወድቆ የሚቃጠል ሰው አለ። በወንጌል የተጻፈው ያ ልጅ ዛሬም በመካከላችን እንደ ወደቀ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገልጸው ግን ተገቢውን ሕክምና ቢያገኙ ከ100 ሕመምተኞች እስከ 70 የሚሆኑት በሽታው ሳይጥላቸው ሊኖሩ ይችላሉ።

ስለዚህ መምህራን ይህን ለሕዝቡ ግልጽ አድርጋችሁ አስተምሩ። የሚጥል በሽታ በመንካትም ሆነ በአረፋ አይተላለፍም። ሰው ሲወድቅ ከእሳት፣ ከውኃና ከስለት ማራቅ፣ ከራሱ ሥር ለስላሳ ነገር ማድረግ፣ በጎኑ ማስተኛት ይገባል። በአፉ ምንም ነገር መክተት፣ ክብሪት ለኵሶ ማሽተት፣ በኃይል አፍኖ መያዝ አይገባም። መጣሉ ከ5 ደቂቃ ካለፈ በፍጥነት ወደ ሕክምና ማድረስ ያስፈልጋል። የተጀመረ መድኃኒትም ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይቋረጥም። ጸሎት ከመድኃኒት ጋር አይጣላም። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስም በቍጥር 1673፣ ርኩስ መንፈስን የማስወጣት ሥርዐት ከመፈጸሙ በፊት ነገሩ ሕመም አለመሆኑን ማረጋገጥ እንደሚገባና የአእምሮ ሕመም የሐኪም ድርሻ እንደ ሆነ ያስተምራል።

ሁለተኛው ጕዳት በኅሊና ላይ ይደርሳል። ሚስቱን የደበደበ ባል «ያን ቀን ጨረቃ ሞልታ ነበር» ብሎ ራሱን የሚያጸድቅ ከሆነ ንስሐ የሚገባበት በር ተዘጋበት። ቅዱስ አውግስጢኖስ በወጣትነቱ በኮከብ ቈጠራ ከተማረከ በኋላ የተወው፣ የያዕቆብንና የዔሳውን ነገር በማሰብ ጭምር ነበር። በአንድ ጊዜ የተወለዱ መንትዮች በጠባይም በኑሮም ተለያዩ። ትምህርተ ክርስቶስም በቍጥር 2116 ኮከብ ቈጠራን ይከለክላል።

የፋሲካ ጨረቃ

ጨረቃ የተሰጠችን ለክስ ሳይሆን ለዘመን መለኪያ መሆኗን ኦሪት ዘፍጥረት በምዕራፍ 1፣ መጽሐፈ ሲራክም በምዕራፍ 43 ያስተምሩናል። የትንሣኤን በዓል ከጨረቃ ጋር ማስላት ከ325ቱ የኒቅያ ጉባኤ ዘመን ጀምሮ የጸና ነው፤ የሀገራችን ባሕረ ሐሳብም አበቅቴና መጥቅዕን የሚቈጥረው በ19 ዓመት የጨረቃ ዑደት ነው። አይሁድ ፋሲካን የሚያከብሩት በጨረቃ በሚቈጠረው ወር እኩሌታ ስለ ሆነ፣ ጌታችን በጌቴሴማኒ በተያዘበት ሌሊት ጨረቃዋ ሙሉ ወይም ለመሙላት የቀረበች ነበረች።

በዚያች በአንዲት ጨረቃ ብርሃን ሥር የተደረገውን እናስተውል። ይሁዳ መምህሩን አሳልፎ ሰጠ። ደቀ መዛሙርቱ ነቅተው መጸለይ አቅቷቸው ተኙ፤ ጨረቃዋ እንቅልፋቸውን አልከለከለችም። ጴጥሮስ ሦስት ጊዜ ካደ፤ ያው ጴጥሮስ በዚያው ሌሊት ወጥቶ መራራ ልቅሶ አለቀሰ። ጌታ ደግሞ የአባቱን ፈቃድ ተቀበለ። ወንጌላውያን የአንዱንም ሥራ በጨረቃ አላመካኙም። ጴጥሮስ ያለቀሰውም ኃጢአቱ የራሱ መሆኑን ስላወቀ ነው፤ ምሕረትን ያገኘውም ስለዚሁ ነው።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በአካባቢያችን ስለ ጨረቃና ስለ ሕመም ምን ይባላል? ከዚህ ውስጥ ሕመምተኞችን የሚጐዳው የትኛው ነው?

2. በቁምስናችን የሚጥል በሽታ ያለበት ቤተ ሰብ ቢኖር በቅርብ ወደሚገኘው ጤና ጣቢያ እንዴት ልንረዳው እንችላለን?

3. ለጥፋታችን ከራሳችን ውጭ ምክንያት የምንፈልገው መቼ መቼ ነው?

4. ማቴዎስ 17፥14-18ን ለልጆች ስናስተምር በጨረቃ የሚነሣ የሚለውን ቃል እንዴት እንገልጽላቸዋለን?